ፎቶው ለባለቤቱ ይድረስ፦ ከአንድ ብሎክ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 2018፣ የመስቀል ሰሞን

ዕቅዱ ይኼ ነው፦ ጀሞ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶቼን በዓል ሳይጠብቁ፣ ልብስ ሳይቀይሩ፣ በአዘቦት ውሏቸው ፎቶ ማንሳትና ያነሳሁትን አሳጥቤ በየቤታቸው ማድረስ። በቴሌግራም ልኮ መገላገል የለም። ወረቀት ነው፤ 10 በ15 ሴንቲሜትር፣ በእጅ የሚያዝ፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ፣ ሲያስጠላ የሚቀደድ።

ለምን እንደጀመርኩ አሁኑኑ ልጻፈው፤ ሲሰለቸኝ እንዳነበው። በዚህ ብሎክ ስልክ የሌለው ቤት የለም፤ ስልኩን በፎቶ ያላጨናነቀ ሰውም የለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ሦስት ዓይነት ነው፦ ሠርግ፣ ምረቃና የሞተ ሰው። በነዚህ መካከል ያለው፣ ሽንኩርት እየላጡ መሟገቱ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቁ፣ የጎረቤት ልጅ አቅፎ እናቷ ከሥራ እስክትመጣ መጠበቁ፣ ሁሉም ስልክ ውስጥ ይቀራል። ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባል የፎቶግራፍ ፌስቲቫል አለ። አንድ ጊዜ ለማየት ሄጄ ከአንድ ትልቅ ፎቶ ፊት ለረጅም ሰዓት ቆምኩ። ፎቶው ላይ ያለው ሽማግሌ በሬ እየነዳ ነው። ብርሃኑም አቀራረቡም እንከን የለውም፤ እኔ ግን ከጭንቅላቴ የማይወጣ አንድ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ፤ ሰውየው ራሱን አይቶት ይሆን? ከዚያ ወዲህ ያነሳሁት የሰው ፊት ሁሉ ያልከፈልኩት ዱቤ ይመስለኝ ጀመር።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ወንድሜ ሰልችቶት የተወልኝ 18 ሜጋ ፒክስል ካነን፣ አብሮት የተሸጠው 18-55 ሌንስ፣ አንድ ደግሞ ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8። ሰው ሁሉ የሚያሞግሰው 50ውን ነው፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን አልሆነልኝም። የካሜራው ሴንሰር አነስተኛው ዓይነት ስለሆነ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ጠብቦ ነው የሚያየው። ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ አንድ ፊት እንጂ ሁለት ሰው አይገባልኝም። እኔ የምፈልገው ደግሞ ሁለቱን ነው። ስለዚህ 18-55ቱን 24 አካባቢ አቁሜ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 1600 አድርጌ፣ የሚመጣውን ሽርክት፣ ፎቶው ላይ የሚበተነውን ነጠብጣብ፣ እችለዋለሁ። 10 በ15 ወረቀት ላይ ሽርክቱን ማንም አያየውም፤ እኔና ወንድሜ ካልሆንን በቀር።

ጥቅምት መጀመሪያ

ብርሃን እያጠናሁ ነው። የብሎካችን አንዱ ጎን ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት በረንዳው በር ላይ የሚገባው ፀሐይ የሚያምር ነው። የጠዋት ቡና የሚፈላውም በዚያው ሰዓት። መታደል ነው።

ስለ ነጠላ አንድ ነገር። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ነው የሚሞክረው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት መስኮት ሥር ስትቀመጥ ነጩ ይበዛበትና ሁሉን ነገር ያጨልመዋል። ነጠላው የታጠበ አይመስልም፤ ፊቷም ጥላ ይሆናል። ልኬቱን ፊት ላይ ብቻ አድርጎ፣ አለዚያም ከካሜራው ፍላጎት አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ማንሳት ይሻላል። የነጠላው ዳር በብርሃን ትንሽ ቢጠፋ ይጥፋ፤ ሰው የሚፈልገው ፊቱን ነው። ፍላሽ አልጠቀምም። ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር ቆንጆ ፊት ያበላሻል፤ ደግሞም ፍላሽ ሲበራ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ወሬውም ይቆማል።

የጀበና እንፋሎት ደግሞ ብርሃን ከፊት ከመጣ ጨርሶ አይታይም። ብርሃኑ ከኋላ ወይም ከጎን፣ ከበስተጀርባ ያለው ነገር ጨለም ያለ መሆን አለበት። የኩሽናውን መብራት ማጥፋትና በሩን ከፍቶ መተው በቂ ነው፤ እንፋሎቱ በጨለማው በር ላይ ይነበባል።

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ማድረስ

ምድር ቤት ያሉት እማማ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ካዛንቺስ ነበሩ፤ ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ ለልማት ሲነሳ ልጃቸው ወደዚህ አመጣቸው። ቡና ሲያፈሉ አነሳኋቸው። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ጀበናውን ይዞ እጃቸው ላይ ያርፋል። ለእኔ ከእስካሁኑ ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነበር።

አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። አዩት። ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«ምንም አልተጻፈበትም?»

«ምን ይጻፍበት እማማ?»

«እንዴ! ለማን እንደተሰጠ፣ መቼ እንደሆነ። ድሮ ጉርድ ፎቶ እንኳ ስንለዋወጥ ጀርባው ላይ ለማስታወሻ ብለን ቀኑን ጽፈን ነበር።» ከዚያ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ቆንጆ ነው፤ ግን እኔን ብቻዬን ምን ያደርግልኛል? እሷ የለችበትም እኮ» አሉኝ።

እሷ ማለት ካዛንቺስ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው። አሁን ከካዛንቺስ የተነሱት በሰፈሩበት ገላን ጉራ ናቸው። ልጆች በወለዱበት፣ ልጆች በዳሩበት ዘመን ሁሉ ጠዋት ጠዋት አንዷ ቤት ቡና ይፈላል፤ ሌላዋ በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች። አሁን በስልክ ነው የሚገናኙት፤ «በስልክ ቡና አይጠጣም» ይላሉ እማማ።

ለእኔ ብርሃኑና እጁ ፎቶ ነበሩ። ለእሳቸው ግን ያ ፎቶ የጎደለው ነገር ነበረ፤ ባዶውን የበርጩማ ቦታ ከእኔ በፊት አይተውታል። ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ ስሰጥ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ እዚህ ላይ ማን መኖር ነበረበት?

ጥቅምት መጨረሻ፣ የአልበሙ ሥራ

እማማ አልበማቸውን አወጡልኝ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥቁር ገጽ ያለው፣ ፎቶዎቹ በማዕዘን ወረቀት የተያዙበት የድሮው ዓይነት፤ ሁለተኛው ገጹ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ፕላስቲክ የሚሸፍነው። የሚገርመው አሮጌው ደኅና ነው፤ ያለቀሰው አዲሱ ነው። የማጣበቂያው ኬሚካል ፎቶውን ከሥር ቢጫ ያደርገዋል፣ ከገጹ ጋርም አንድ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ አልበም ቤታችሁ ካለ በጥፍር አትላጡት። ቀጭን ጠንካራ ክር ከፎቶው ሥር አስገብቶ ግራና ቀኝ እየጎተቱ በዝግታ መለየት ይቻላል፤ እምቢ ያለውን ግን ተዉት። እኔ እምቢ ያሉትን ከነገጹ አነሳኋቸው፦ አልበሙን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ፕላስቲኩን ገልጦ፣ ካሜራውን ከላይ ትክክል አቁሞ፣ ነጸብራቅ እንዳይመጣ ከማዶ ጥቁር ሻርፕ ሰቅሎ። የሚላቀቁትን ቢሮ ባለው ስካነር 600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ላይ ገለበጥኳቸው።

ጥቁርና ነጮቹ ውስጥ ሁለቱ ጎረቤታሞች ገና ልጃገረዶች ሆነው ፎቶ ቤት የተነሱት አለ። ከኋላ የተቀባ መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፤ አንዷ ተቀምጣ አንዷ ቆማ፣ የቆመችው እጅ በተቀመጠችው ትከሻ ላይ። አዲስ አበባ የፎቶ ጥበብን ያወቀችው በቤተ መንግሥት በኩል ነው፤ የአርመኑ ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ የንጉሡ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ልጆቹም ሥራውን ቀጠሉበት። እማማ ዘመን ላይ ሲደርስ ግን ፎቶ ቤት የጓደኛሞች ቤት ሆኗል። ደሞዝ የተቀበለ ጓደኛውን ይዞ ይሄዳል። ፎቶ የሚነሳው ለብቻ አይደለም፤ ወዳጅነትን በምስክር ፊት እንደመፈራረም ነበር ማለት ይቻላል።

ባለ ቀለሞቹ ሌላ ጉድ አላቸው። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የቀለም ፎቶዎች ላይ የጠይም ሰው ፊት ጠቁሮ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። እማማ «ያኔ ጠቁሬ ነበር» ብለው ያልፉታል። አልጠቆሩም። የቀለም ፊልሙም የማጠቢያ ማሽኑም ልክ የሚስተካከለው ኮዳክ ለየላቦራቶሪው በሚልከው የናሙና ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ናት፤ ሸርሊ ይሏታል። ማሽኑ የእሷን ቆዳ እንዲያሳምር ተሠርቶ የእኛን አጠቆረ። ይኼን ስነግራቸው ሳቁ፤ «እንግዲያውስ አንቺ አስተካክዪዋ!» ጥላውን ትንሽ ከፍ፣ ቀዩን ትንሽ ዝቅ፤ አንዳንዱ ፊት ከጨለማ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ደግሞ ፊልሙ ላይ ጭራሽ ስላልነበረ ከየትም አይመጣም።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋት ጀምሮ የብሎኩ ልጆች ቆሻሻ ሲጠርጉ፣ ደረቅ ቅጠልና ካርቶን ሲከምሩ ነበር። ይኼ ልማድ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ካዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው፤ ልጆቹ ግን የሚያውቁት እሳት የሚፈቀድበት ቀን መሆኑን ነው።

ጭስ ለፎቶ በረከት ነው፤ ለዓይን መከራ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ከጭሱ በስተጀርባ አስገባኋት፣ ሹተሩን በሴኮንድ 1/250 ላይ አቆምኩ። ዘበኛችን ጋሼ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። «ሳልዘጋጅ አታንሺኝ» አሉኝ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ዘረጉ፣ አፋቸውን ገጠሙ። እንደታዘዝኩት አነሳሁ። ዞር ስል አንዱ ልጅ እሳት ውስጥ የጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ጧ! ብሎ ሲፈነዳ ልጆቹ ተበተኑ፤ ጋሼም በሳቅ ተንፈቀፈቁ። ይኼኛውን አልጠየቅኳቸውም።

ሁለቱንም አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ቀጥ ብለው የቆሙበትን በላስቲክ ጠቅልለው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ። የሳቁበትን መለሱልኝ። «ይኼ ያንቺ ነው» አሉ።

ኅዳር መጨረሻ፣ የኒዶው ቆርቆሮ

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ልጃቸው ዱባይ ነው የምትሠራው። ፎቶ አድራሽ መባሌ እሷ ጋ ደርሶ በድምፅ መልእክት ትእዛዝ መጣልኝ። የእናቷን ፎቶ አይደለም የፈለገችው፤ እናቷ በየሳምንቱ በቪዲዮ ይታዩዋታል። የፈለገችው ኩሽናውን ነው። መደርደሪያውን። ለመኝታ ክፍሏ ግድግዳ።

ለእትዬ ስነግራቸው ደነገጡ። «ኩሽና? ጉድ ልትሠራኝ ነው! ሰው ያየዋል እኮ።» ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ መደርደሪያው ታጥቦ፣ አሮጌው ሁሉ ወርዶ፣ የእንግዳ ብርጭቆ ተደርድሮበት፣ መሃል ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል። ምን ልበል? አነሳሁ። ላክንላት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ እየሳቀችም እየተበሳጨችም ነው የምታወራው፦ «እማ፣ የበርበሬዋ ቆርቆሮ የት ሄደች? ያቺ ኒዶዋ?»

ኒዶዋ አልጋ ሥር ነበረች። ክዳኗ ጠርዙ የተጎዳ፣ ጽሑፏ በእጅ ብዛት የተላጠ፣ ውስጧ ማንኪያ። ወንፊቱም፣ የተጣመመው መጥበሻም፣ ከኒዶዋ ጋር ከተደበቁበት ወጡ። እትዬ እያንዳንዱን ወደ ቦታው ሲመልሱ እያጉረመረሙ ነው፤ ግን ማንም ሳይነግራቸው የቱ የት እንደነበረ በሴንቲሜትር ያውቁታል። ሁለተኛውን ፎቶ ስናነሳ እጃቸው ቆርቆሮዋ ላይ ነበር። አላስወገድኩትም፤ ትእዛዙ ዕቃ ብቻ ነው ቢባልም እጁ ዕቃው ውስጥ ነው ያለው።

ለዚህ ነገር የሚጠቅም ጥቂት ሙያ፦ ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ይታመቃል። ልጅቷ ዘንድ የደረሰው ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ብቻ ነበር። ይኼ ለ10 በ15 ያበቃል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 20 በ30 ግን በኢንች ከ110 ነጥብ አይበልጥም፣ ይደበዝዛል። በፋይል መልክ ድጋሚ ላክሁላት፤ እዚያው አሳጠበችው። የማድረሱ ሥራ ባሕር ሲሻገር ፖስተኛው ስልክ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው።

ታኅሣሥ

ስለ ፎቶ ቤቱ። ሁለት ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ማሽኑ በራሱ እንዳያስተካክል። በልማድ ብሩህ ያደርገዋል፤ ጨለማ ሆኖ እንዲቀር የፈለግሽው ኩሽና ግራጫ ሆኖ ይመጣል፣ እንፋሎቱም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የወረቀቱ ልክ። ካሜራዬ የሚያወጣው ሦስት ለሁለት ነው፤ 10 በ15 እና 20 በ30 ልክክ ይላሉ። 13 በ18 ወይም 20 በ25 ካዘዝሽ ግን ከዳር ይቆርጠዋል፤ ዳር ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ነው። በተለይ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ጉልበቱ ሲቆረጥ ይቀየማል፤ እውነቱን ነው።

አራተኛ ፎቅ ካሉት ባልና ሚስት ዘንድ ያገኘሁት ነገር ይገርማል። ሕፃን አላቸው። የሚስትየው ስልክ ከልደት እስከ ዛሬ በሕፃኑ ፎቶ ሞልቷል፤ አባትየው ግን አንዱም ላይ የለም። የሚያነሳው እሱ ነዋ። ወረቀት ላይ ሲወጡ ደርድሮ ካያቸው በኋላ ነው የገባው። «ይኼ ልጅ አባት አልነበረውም ሊባል ነው» አለ፤ እየቀለደ፣ ግን በደንብ እየቀለደ አይደለም። ገና ሲደርስ ሦስቱን አብሬ አነሳቸዋለሁ ብያለሁ።

ታኅሣሥ፣ ገና ሳይደርስ

ዘበኛችን ጋሼ አረፉ። ሌሊት ነው፤ ደረታቸውን አሞኛል ብለው ነበር። እድሩ ድንኳን ጣለ። ልጆቻቸው ከጋይንት እስኪደርሱ የብሎኩ ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ ወንዶቹ ከውጭ ተቀምጠው አደሩ።

የእድሩ ጸሐፊ በሬን አንኳኳ። ፎቶ ያስፈልጋል። ያላቸው የፋይዳው መታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱን ገልብጦ ማሳደግ ደግሞ ምን እንደሚመስል በየለቅሶው አይተነዋል፤ ፊቱ እንደ ጭጋግ ይበተናል። እኔ ጋ ሁለቱም ነበሩ። ከ18 ሜጋ ፒክስሉ 30 በ45 ያለምንም ድካም ይወጣል።

ለጸሐፊው የሳቁበትን አሳየሁት። ልቤ እሱን ነበር የመረጠው። ጋሼን የምናውቃቸው እንዲያ ነው፤ ደረጃው ሥር ሬዲዮናቸውን ከፍተው ከልጆች ጋር ሲቀልዱ። ጸሐፊው አየና ራሱን ነቀነቀ። «ለቅሶ ላይ አይሳቅም፤ ልጆቻቸውም ምን ይላሉ?» ቀጥ ብለው የቆሙበት ተመረጠ። በኋላ እንደገባኝ የመረጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ኅዳር ላይ ኮፍያ አውልቀው፣ ጋቢ አስተካክለው፣ ኪሳቸው ከተው መርጠው ጨርሰዋል። አስከሬኑ ወደ አገራቸው ሲሸኝ ፎቶው መኪናው ፊት ላይ ነበር።

ትልቋ ልጃቸው ወደ መኪናው ከመግባቷ በፊት «ሌላ አለ?» አለችኝ። የሳቁበትን ሰጠኋት። ቆማ አየችው።

«ለካ ከተማ ይስቅ ነበር» አለች። «ቤት ሲመጣ አይስቅም።»

ምን እንደምል አላወቅሁም፤ ምንም አላልኩም። ፎቶውን ይዛ ሄደች።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ገላን ጉራ

በመጨረሻ ሄድን። እማማ፣ ልጃቸውና እኔ። እማማ ሙዳይ የሚያህል ነገር በጨርቅ ጠቅልለው እቅፋቸው ላይ ይዘዋል፤ ምን እንደሆነ አልተናገሩም። ከጀሞ ገላን ጉራ መንገዱ ረጅም ነው፤ ታክሲው ውስጥ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው ያወራነው።

ጎረቤታቸው ደረጃው ላይ ቆመው ነው የጠበቁን። ከተቃቀፉ በኋላ የተባለውን አልጽፈውም። ቡናው ሲጀመር ግን አንድ ችግር አየሁ። አዲሱ ቤት ውስጥ ትልቅ ሶፋ አለ። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ተቀምጠው በመካከላቸው ባዶ ትራስ። የእንግዳ ወግ ሆነ። በፎቶ ቢነሳ ሁለት እንግዳ የሆኑ ሴቶች ይመስላሉ። «ጠጋ በሉ» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ጠጋ በሉ የተባለ ሰው ጠጋ ያለ ሰው አይመስልም። ካሜራዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቡናዬን ጠጣሁ።

አቦሉ አለፈ። ለቶናው ውኃ ሲጨመር ባለቤቲቱ ከሶፋው ወርደው ረከቦቱ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እማማ ጥቂት ቆይተው ጉልበታቸውን እያመማቸው ተነሱና ሌላ በርጩማ ከጥግ ጎትተው አጠገባቸው ሄዱ። ጉልበት ለጉልበት። ባለቤቲቱ ሲቀዱ እማማ ወሬውን ሳያቋርጡ፣ ሳያዩም፣ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስኒው እጃቸው ላይ ተቀመጠ። እሱን ነው ያነሳሁት። ሹተሩ የሴኮንድ 1/60 ነው፣ የአንደኛዋ እጅ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ይንቀጥቀጥ።

በረካ ላይ ጠብ ተነሳ። እማማ የጠቀለሉትን ፈቱት። አንዲት ስኒ፤ አፏ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት። ቤት ሲለቀቅ በግርግሩ ከጎረቤታቸው ስኒዎች መካከል ከእሳቸው ጋር የሄደች ናት። ጎረቤትየው አይተው «ይኼማ ያንቺ ነው፤ የኔዎቹ መስመራቸው አረንጓዴ ነው» አሉ። «አረንጓዴው የኔ ነው!» ሲሉ እማማ፣ ባለቤቲቱ ሄደው ከቁም ሳጥን የራሳቸውን አምጥተው ደረደሩ። ሰማያዊም አለ፤ አረንጓዴም አለ፤ አንዱም ሙሉ አይደለም። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ስኒ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ሲመላለስ የማን የማን እንደሆነ ማንም አልቆጠረም፤ ሰፈር ሲፈርስ ነው የተቆጠረው። የተደረደሩትን ስኒዎች ከላይ አነሳኋቸው። ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሰማያዊ መስመሯ ስኒ ግን ያለ ስምምነት እዚያው ቀረች።

የካቲት

ሁለቱን ፎቶ፣ የእጆቹንና የስኒዎቹን፣ ለሁለቱም ቤት አሳጠብኩ። ከልጃገረድነታቸው የፎቶ ቤት ምስል ጋር። ጥቁርና ነጩን ስካን ካደረግሁት 20 በ30 አስወጣሁት፤ ደንበኛ ፎቶ ቤት ያነሳው ስለሆነ የትከሻው ላይ እጅ የጣት ቀለበት እንኳ ይታያል። እማማ ጀርባው ላይ ራሳቸው ጻፉ፤ እንዳነብ አልተፈቀደልኝም። የገላን ጉራውን ፖስታ የእማማ ልጅ ወሰደው።

ማታ ስልክ መጣ። ከገላን ጉራ ናቸው። ምስጋናው አጭር ነበር፤ ቅሬታው ረጅም፦ «እሷ ወፍራ ነው የወጣችው፣ እኔን ግን አክስተሽኛል። ደግሞ ነጠላዬ ቢጫ ሆኗል።» ነጠላውን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው፣ አምፖሉ ቢጫ ነበር፣ መስኮቱ ሌላ ቀለም። ቀለሙን አስተካክዬ ድጋሚ አሳጥባለሁ። ውፍረቱን ግን የማስተካክልበት መንገድ የለኝም ስላቸው «እንግዲያው ፋሲካ ላይ መጥተሽ በደንብ ታነሺናለሽ፤ ፎቅ ያሉትም ይፈልጋሉ» አሉ። ፎቅ ያሉት ማለት ከካዛንቺስ አብረዋቸው የሄዱ ቤተሰቦች ናቸው፤ ለካ ፖስታው እዚያም ዞሯል።

ወጪው እየከበደኝ ነው፤ አልዋሽም። እትዬ መላ አመጡ፦ ፎቶ የደረሰው ሁሉ ለሚቀጥለው ሰው ወረቀት ይከፍላል። ማንም አልተቃወመም። የአራተኛ ፎቁ አባት የሁለት ሰው ከፈለ፤ የገናው ፎቶ ላይ ልጁን አቅፎ መሃል ላይ ነው ያለው፣ ሚስቱ ዳር ናት።

የነገው ዝርዝር፦ ነጠላው የተስተካከለበት፣ ሁለት ቅጂ። የኒዶዋ ቆርቆሮ ለእትዬ፣ አሁን ራሳቸው ፈልገዋል፤ ሳሎን ነው የምሰቅላት ብለዋል። ለጋሼ ልጅ ጋይንት የሚላክ አንድ፣ ኅዳር 12 ልጆቹ በጭሱ ውስጥ ሲሮጡ፣ ጥግ ላይ የእሳቸው ዱላ የሚታይበት። የእድሩ ጸሐፊም ራሱ ጉርድ ይፈልጋል፣ 3 በ4። ከጉርዱ ጋር ሌላም ላንሳህ ወይ ስለው «ምን ዓይነት?» አለና ትንሽ አስቦ ከእናቱ ጋር እንዳነሳው ጠየቀኝ። ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፤ በጠዋት መሄድ አለብኝ።